ከሥዕል ወደ ታሪክ፦ ልጆች ሥዕል አይተው የራሳቸውን ትረካ እንዲፈጥሩ ማስተማሪያ ዝርዝር መመሪያ

ለሰባት ዓመት ልጅ ሥዕል አሳይተው «እስቲ ከዚህ ሥዕል ተነሥተህ ታሪክ ንገረኝ» ቢሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ቆጠራ ነው፦ «ልጅ አለ። ውሻ አለ። ቤት አለ። ዛፍ አለ።» ልጁ የታዘዘውን በትክክል የፈጸመ ይመስለዋል፤ ሊፈረድበትም አይገባም። አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ሥዕል በቀረበለት ቁጥር «ይህ ምንድን ነው?» እየተባለ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ የፊደል ገበታውም «በ» ን ያስተማረው በጉን እያሳየ ነው። ሥዕል ለእርሱ ስሙ የሚጠራ ነገር ነው።

እኔም የሦስተኛ ክፍል አማርኛ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ይህን ሳልረዳ ቀርቼ፣ ከግድግዳ ካላንደር ላይ የቆረጥኩትን የሚያምር የፏፏቴ ፎቶ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ «አንድ ገጽ ታሪክ ጻፉ» አልኩ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ቤት ወስጄ ሳርም ያነበብኩት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ ፏፏቴ አለ፣ ውኃው ይወርዳል፣ በጣም ያምራል። ለአብዛኞቹ ዝቅተኛ ውጤት ሰጠሁ። ዝቅተኛ ውጤት የሚገባው ግን የእኔ ሥዕልና የእኔ ትእዛዝ ነበር። ፏፏቴ ትናንትም ይወርዳል፣ ነገም ይወርዳል፤ ታሪክ የሚገኘው ደግሞ ሥዕሉ ከሚያሳየው ቅጽበት በፊት በሆነውና ከዚያ በኋላ በሚሆነው ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ልጁ ከሚታየው ወደዚያ ወደማይታየው እንዲሻገር ለመርዳት የተዘጋጁ ናቸው። በክፍል ውስጥ ለሚያስተምርም፣ ቤት ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ለሚቀመጥ ወላጅም ያገለግላሉ።

ሥዕሉን መምረጥ

የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል። ለትረካ የሚሆነው ሥዕል አንድ ነገር ገና አሁን የሆነበት ወይም ሊሆን የተቃረበበት ሥዕል ነው። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ለማንኳኳት እጁን ሲያነሣ የሚያሳይ ሥዕል ቢያቀርቡ፣ ከበሩ በስተጀርባ ማን እንዳለ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ልጅ አይኖርም። ስለዚህ ሲመርጡ በመጀመሪያ ሰው ወይም እንስሳ ያለበት መሆኑን ይመልከቱ፤ ቀጥሎ የዚያ ሰው ወይም እንስሳ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ይመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ ግን ቦታው ያልሆነ ቦታ የተገኘ፣ የጎደለ ወይም ያልተጠበቀ አንድ ነገር ይፈልጉ። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ጃንጥላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሻንጣ፣ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ ያደረገ ልጅ እያንዳንዳቸው ጥያቄ ያስነሣሉ። ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ ካለ በወረቀት ይሸፍኑት፤ ልጆች ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ሥዕሉን አያዩትም።

ሥዕል ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። የአሮጌ መጽሔት ገጽ፣ ጊዜው ያለፈበት ካላንደር፣ የዕቃ ካርቶን ሽፋን ይበቃል። የቆዩ የብር ኖቶች ያለው ሰው ደግሞ ያልታሰበ ሀብት አለው፦ በሳንቲም የተተካው የአንድ ብር ኖት በአንድ ገጹ የልጅ ፊት፣ በሌላው ገጹ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይዟል፤ ከአገልግሎት የወጣው አሥር ብር ደግሞ በአንድ በኩል ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ በሌላ በኩል ትራክተር አለበት። «ይህች ሴትና ይህ ትራክተር አንድ ቀን ተገናኙ፤ እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ሥራ ነው። (ፏፏቴውም ልጁ አጠገቡ ሲቀመጥ ብቻ ታሪክ ይወጣዋል፤ ያን ጊዜ ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ!)

በባህል ዕቃ ሱቆች የሚሸጠው ባህላዊው የንግሥተ ሳባ ሥዕልም ብዙ ጊዜ 44 በሚደርሱ ትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሎ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ለልጆች የሚስማሙት የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች፣ ማለትም ሕዝቡ ይገብርለት የነበረው ዘንዶ የተገደለበት ክፍል ነው። ከሥር ያለውን ጽሑፍና ከመካከል አንዱን ሳጥን ሸፍነው «እዚህ ምን ተሥሎ ይሆን?» ብለው ይጠይቁ። ልጆች የሚሰጡት ግምት ከእውነተኛው ጋር ባይገጥም አይጨነቁ፤ እንዲያውም ባይገጥም ይሻላል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምጠቀመው ራሴ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የምሥለውን ነው። ሥዕል አልችልም፤ አለመቻሌ ግን ጠቅሞኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ «ይህ ውሻ ነው ወይስ በግ?» ብለው ሲከራከሩ ትረካው ሳላስበው ተጀምሮ አገኘዋለሁ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ምሳሌ የማደርገውም ብዙ ጊዜ የሣልኩትን አንድ ሥዕል ነው። አንድ ልጅ የአጥር በር ላይ ቆሟል። በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው እግሩ ባዶ ነው። በእጁ ባዶ ፌስታል ይዟል፤ መሬት ላይ የተሰበሩ እንቁላሎች ፈሰዋል። አንድ ውሻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አጥሩ ላይ ዶሮ ተቀምጣለች። ከበስተኋላ ባለው ቤት መስኮት ላይ መጋረጃው በግማሽ ተገልጧል።

በዝምታ ማየት

ሥዕሉን እንዳቀረቡ ወዲያውኑ አይጠይቁ። ልጆቹ አንድ ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን ዘግተው ብቻ እንዲያዩ ያድርጉ። አንድ ደቂቃ ለልጅ ረጅም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች ትልልቆቹን ነገሮች ያያል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል፣ ከስልቸታው በኋላ ደግሞ ዶሮዋንና መጋረጃውን ያገኛል። ደቂቃው ሲያልቅ ሥዕሉን ገልብጠው ወይም ሸፍነው «መጋረጃው ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? ጫማው የየትኛው እግር ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ዳግመኛ ሲገልጡላቸው የሚያዩበት ዓይን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ትልልቅ ልጆችን ሠዓሊ በምን መንገድ እንደሚናገር ማስተዋል እንዲችሉም ማለማመድ ይቻላል። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደጋጎቹ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ክፉዎቹ በጎን በኩል በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያኑን ከጠላት ወታደሮች የምንለይበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ይህን የተረዳ ልጅ በሌላ ሥዕል ላይም «ይህ ሰው ለምን ፊቱን አዞረ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። የእኛን ውሻ ጀርባውን እንዲሰጥ አድርጌ የሣልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጠየቅና መጠበቅ

ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ያለው ሲሆን ልጁ ታሪኩን ትቶ መልሱን ይፈልጋል፤ የመምህሩን ፊት እያየ ይገምታል። በመሆኑም «ይህ ምንድን ነው?»፣ «ስንት እንቁላል አለ?»፣ «ልጁ ጥሩ ነው መጥፎ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ለጊዜው ይተዉአቸው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ «ምን እየሆነ ነው?»፣ «ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» እና «ሌላስ ምን ይታይሃል?» እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አዋቅረው ያስፋፉት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አቢጌል ሃውሰንና በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ የናዋይን ናቸው። እነርሱ ዘዴውን ያወጡት ሰዎች የሥነ ጥበብ ሥራን በጥልቀት እንዲያዩ ለማድረግ ሲሆን፣ እኛ ለትረካ ስንጠቀምበት ትልቁን ሥራ የሚሠራልን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ልጁን አይቃረነውም፣ አያመሰግነውምም፤ ወደ ሥዕሉ ይመልሰዋል እንጂ።

በእኔ ክፍል የሆነውን እንዳለ ላስፍር፦

«ምን እየሆነ ነው?»
«ልጁ እንቁላል ሰብሯል።»
«ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?»
«መሬት ላይ ፈሷል፤ ፌስታሉም ባዶ ነው።»
«ሌላስ ምን ይታያችኋል?»
(ረጅም ዝምታ።)
«ቲቸር፣ ውሻው ነው ያስደነገጠው።»
«ምን አይተሽ ነው እንዲህ ያልሽው?»
«ዞሮ ቆሟላ! ምንም እንዳላደረገ መስሎ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ውሻውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገጸ ባሕርይ ሆነ። በቅንፍ ያስቀመጥኩትን ዝምታ ግን ልብ ይበሉ። በትምህርት ምርምር የታወቁት ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ልጆች ዓይን ዓይንዎን እያዩ ሲጠብቁ ግን ይረዝማል። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ ሰባት ላይ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጅ ይነሣል።

ከሥዕሉ በፊት፣ ከሥዕሉ በኋላ

አንድ ወረቀት ለሦስት እንዲታጠፍ ያድርጉ። ሥዕሉ በመካከለኛው ክፍል ይለጠፋል፣ ወይም ልጁ ራሱ ገልብጦ ይሥለዋል። ግራው «ከዚህ በፊት»፣ ቀኙ «ከዚህ በኋላ» ነው። ልጁ በቃላት ከመጻፉ አስቀድሞ ሁለቱን ባዶ ክፍሎች በሥዕል ይሙላ፤ መሣል የማይወድ በክብና በመስመር ብቻ ሰው ሊሠራ ይችላል።

ሁልጊዜ ከግራው ይጀምሩ። ልጆች ወደ ቀኙ፣ ወደ መጨረሻው ይቸኩላሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ የተሰበረ እንቁላል መጨረሻው ለሁሉም አንድ ነው፦ «እናቱ ገረፈችው።» እዚያ ከደረሱ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ «ይህ ከመሆኑ አምስት ደቂቃ በፊት ልጁ የት ነበር?» ይበሉ፤ ቀጥሎ «ጠዋት ሲነሣስ?»። መልስ ሲያገኙ «ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር?» ብለው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መነሻዎችን ያስወጡ። አንደኛው ሐሳብ ሁሉም ልጅ የሚያመጣው ነው፤ በዚህ ሥዕል ላይ «እናቱ ሱቅ ልካው ነበር» የሚለው ማለት ነው። ሁለተኛው ጓደኛው ከተናገረው ትንሽ የተለወጠ ነው፦ «አክስቱ ልካው ነበር»። ሦስተኛው ላይ ግን ልጁ የሚበደረው ስለሚያልቅበት የራሱን ያመጣል። አንዲት ተማሪዬ ሦስተኛዋን ስትጠየቅ «ማንም አልላከውም፤ እንቁላሎቹ ጫጩት እንዲሆኑለት ደብቆ ሊያሞቃቸው ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ በእናት ዱላ የሚያልቅ ታሪክ ልትጽፍ አትችልም፤ መነሻዋ ራሱ ሌላ መጨረሻ ይፈልጋልና።

አዲስ አበባ ያለ መምህር ይህን የሦስት ክፍል አሠራር በትልቁ ለማሳየት ከፈለገ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽን ማስታወስ ይችላል። እዚያ የሚገኘው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ በሦስት ክፍሎቹ የአህጉሪቱን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ፎቶውን በስልክ አሳይቶ «ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ታሪኩ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ጥሩ መነሻ ነው። ለትንንሾቹ ግን የታጠፈው ወረቀት ይበቃል።

ፍላጎትና እንቅፋት

ሦስቱ ክፍሎች ተሞልተውም ታሪኩ አሁንም የሁነቶች ሰልፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ግጭት የሚለውን ነገር ልጆች ሊረዱት በሚችሉት መንገድ ለማስገባት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ልጁ ምን ፈልጎ ነበር? ምን ከለከለው?» ሁለቱንም በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲመልሱ ያድርጉ። «ጫጩት ፈልጎ ነበር፤ እንቁላሎቹ ግን የጎረቤት ነበሩ።» ይህች አንድ መስመር ካለች ታሪኩ አለ፤ ከሌለች ወደ ታጠፈው ወረቀት ይመለሱ። ግጭት፣ መቼት፣ ሴራ የሚሉትን ስያሜዎች ከአምስተኛ ክፍል በታች ላሉ ልጆች ማስጠናት አያስፈልግም። ስያሜውን ያጠና ልጅ ሁሉ ታሪክ ይፈጥራል ማለት አይደለም፤ እኔም ፈተናውን ሙሉ አግኝተው ባዶ ወረቀት የሰጡኝን አይቻለሁ።

በአፍ መተረክ

ልጁ ከመጻፉ በፊት ታሪኩን ቢያንስ ሁለት ጊዜ በአፉ ይናገር። «ተረት ተረት» ሲል ጓደኞቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱለት፤ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይበል። ይህ መክፈቻና መዝጊያ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ልጁ «የላም በረት» የሚል ድምፅ ሲሰማ አድማጭ እንዳለው ይረዳል፤ አንደበቱም ራሱ ይለወጣል። «ልጅ አለ» ይል የነበረው «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ልጅ ነበር» ይላል። ከ«አለ» ወደ «ነበር» የሚደረገው ለውጥ ሥዕልን ከመግለጽ ወደ መተረክ የተሻገረበት ምልክት ስለሆነ፣ ልጁ ወደ «አለ» ሲመለስ ከሰሙት «ያን ዕለት ምን ሆነ?» ብለው ብቻ ይመልሱት።

ሁለተኛው የቋንቋ ሥራ «ከዛ» ነው። ይህችን ቃል የማያውቅ አስተማሪ የለም፦ «ልጁ እንቁላል ገዛ። ከዛ ውሻ መጣ። ከዛ ሮጠ። ከዛ ወደቀ። ከዛ እንቁላሉ ተሰበረ።» ከዛን በቁጣ ማስቀረት አይቻልም፣ ልጁ ዝም ይላል እንጂ። በጨዋታ ግን ይቻላል። ልጁ ይህን ታሪክ ከተናገረ በኋላ ጓደኞቹ ለእያንዳንዱ «ከዛ» ምትክ ይፈልጉለት፤ የሚፈቀዱት «ስለ»፣ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ሲ…» እና እንደ «ገዝቶ»፣ «ወድቆ» ያለው ቦዝ አንቀጽ ናቸው። ውጤቱ ይህን ይመስላል፦ «ልጁ እንቁላል ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ውሻ ተከተለው። ውሻ ስለሚፈራ ሮጠ፤ ነገር ግን ነጠላ ጫማው ተበጥሶበት ስለወደቀ እንቁላሎቹ ሁሉ ተሰበሩ።» እዚህ ላይ ቋንቋው ብቻ አልተስተካከለም። «ስለ» የሚለው ቃል ምክንያት ስለሚጠይቅ ልጁ ምክንያት ፍለጋ ወደ ሥዕሉ ተመልሶ እስከዚያ ድረስ ያላሰበበትን ባዶ እግር አገኘ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ከፊቱ ብዙ ድርጊት መደርደር የሚችል ቋንቋ ነው፤ ልጆች ይህን ቀድመው በጆሯቸው ከለመዱት ሲጽፉ አይቸገሩም።

ሦስተኛው ንግግር ነው። የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ልጆቹ ራሳቸው እየሆኑ ይናገሩት። በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ያሉት ማን ናቸው? አንዱ ቡድን «እማማ» ብሎ የሚጠራቸው አሮጊት ቢያደርጋቸው፣ ልጁ «እርስዎ» ይላቸዋል፣ እርሳቸው ደግሞ «ና እስቲ ልጄ» ወይም «አንተ ልጅ!» ይሉታል። በሁለቱ አጠራር መካከል ያለው ልዩነት የታሪኩን አቅጣጫ ይወስናል፤ «ልጄ» ያሉት አሮጊት ምናልባት ሌላ እንቁላል ይሰጡታል፣ «አንተ ልጅ!» ያሉት ግን የእንቁላሎቹ ባለቤት ናቸው። በዚህ አጋጣሚ «አለ… አለ… አለ» እያለ የሚሄደውን ትረካ በ«ጮኸ»፣ «አንሾካሾከ»፣ «አጉረመረመ»፣ «ለመነ» መተካትም ይለማመዳሉ።

መጻፍ

ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ይናገር፤ እርስዎ ይጻፉለት። ያለውን እንዳለ ይጻፉ እንጂ አያሳምሩለት። «ውሻው መጣች» ካለ እንደዚያው ይጻፉ፤ መልሰው ሲያነቡለት የራሱን ቃል ስለሚሰማ ስሕተቱን ብዙ ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ይህ ጽሑፍ ለማንበብ ትምህርትም ከማንኛውም የተዘጋጀ ምንባብ ይቀላል፣ ምክንያቱም ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላሉት በታጠፈው ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱ ሥዕል አንድ አንቀጽ ይሁን።

እርማት ላይ እጅዎን ይያዙ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያለ ቀይ እስክሪብቶ ያንብቡና ከግርጌው አንድ የአንባቢ ጥያቄ ብቻ ይጻፉ፦ «ውሻው በመጨረሻ የት ሄደ?» ልጁ ጥያቄውን ለመመለስ ሲል ይጨምራል። በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ቢበዛ ሁለት ነገር ያርሙ፤ ለምሳሌ አራት ነጥብና የንግግር ምልክት። የ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን፣ የ«ሰ» እና «ሠ»ን ጉዳይ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ሁሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ አይሞክሩ። እኔ ማየቱንና መጠየቁን በአንድ ቀን፣ የታጠፈውን ወረቀትና የአፍ ትረካውን በሁለተኛው፣ መጻፉን በሦስተኛው አደርጋለሁ። በመካከል የሚያድረው ሌሊት ይጠቅማል፤ ልጆች ታሪኩን ለወንድም ለእህቶቻቸው ነግረውት ተለውጦ ይመጣል።

ክፍሉ ሲጨናነቅ፣ ልጁም ሩቅ ሲሆን

ስልሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማናገር ስለማይቻል በየዴስኩ ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸው። ከጥንዱ አንዱ ብቻ ሥዕሉን ይይ፤ ሌላው ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይስማ፣ የሰማውንም ይሣል። ተራኪው በጣቱ «ይሄ፣ ያኛው» ማለት ስለማይችል ቃል ለመፈለግ ይገደዳል። ሲጨርሱ የተሣለውን ከሰሌዳው ጋር ያስተያዩ፤ ጫጫታው ከፍ ይላል፣ ይታገሡት።

ይኸው ብልሃት በውጭ አገር ተወልደው አማርኛ እየሰሙ በሌላ ቋንቋ ለሚመልሱ ልጆችም ይሠራል። ሥዕል ፊደል ስለሌለበት ማንበብ ያልቻለ ልጅ አይሸማቀቅበትም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለች ልጅ ሥዕሉን ይዛ አገር ቤት ላሉት አያቷ በስልክ ትተርክ፤ አያት ሥዕሉን አያዩም፣ የእርሷንም ሌላ ቋንቋ አይሰሙም፤ ስለዚህ ልጅቷ ያላትን አማርኛ ሁሉ ታወጣለች። ያጣችውን ቃል ከጎን ሆነው በሹክሹክታ ያቀብሏት፤ አገባቧን ለማረም ብለው ግን በመካከል አያቋርጧት። የአያት «እሺ፣ ከዚያስ?» ማንኛውም አስተማሪ ከሚያዘጋጀው ጥያቄ ይበልጣል።

ሲያስቸግር

«አላውቅም» የሚል ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ስሕተትን ነው። ለእርሱ ሆን ብለው የተሳሳተ ታሪክ ይንገሩት፦ «ይህ ልጅ እንቁላሎቹን ለውሻው ሊያበላ ነው ያፈሰሳቸው።» «አይደለም!» ይላል፤ «እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው?» ይበሉት። ቴሌቪዥን ላይ ያየውን እንዳለ የሚያመጣውን አይከልክሉት፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ላይ ሦስት ነገር ታሪኩ ውስጥ እንዲያስገባ ግዴታ ይጣሉበት፤ ዶሮዋ ስትገባ ፊልሙ ይፈርሳል። መጨረሻው ሁልጊዜ «ከእንቅልፉ ነቃ፤ ሕልም ነበር» ለሚሆንበት ደግሞ «ሲነቃ እግሩ ላይ ስንት ጫማ ነበር?» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። አንዳንድ ልጅ ስለ ሥዕሉ የሚናገር መስሎ ስለ ራሱ ቤት ይናገራል። ተመሳሳይ ፍርሃት ወይም ዱላ በተለያዩ ሥዕሎች ላይ ደጋግሞ ከመጣ በክፍሉ ፊት አይመርምሩት፣ ታሪኩንም ጮክ ብሎ እንዲያነበው አያድርጉ። ለብቻው ሲሆን ረጋ ብለው ያነጋግሩት፤ የሚያሳስብ ነገር ካለም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ኃላፊነት ላለው ሰው ያሳውቁ።

ሥዕሎቹን ከተጻፈባቸው ታሪክ ጋር በካርቶን ፎልደር ያስቀምጡ። ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ ያንኑ ሥዕል ያለምንም ማብራሪያ መልሰው ያቅርቡ፤ ልጆቹ አዲስ ታሪክ ከጻፉ በኋላ የድሮውን አውጥተው ይስጧቸው። በቅርቡ እንዲህ ሳደርግ፣ በመጀመሪያው ጊዜ «ዶሮ አለች» ብሎ ያለፈ አንድ ልጅ በሁለተኛው ዶሮዋን ተራኪ አድርጓት አገኘሁ። የጻፈው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «እንቁላሎቹን ስቆጥራቸው አምስት ናቸው፤ እኔ የጣልኩት ግን ስድስት ነበር» የሚል ነው። ስድስተኛው የት እንደገባ እስካሁን አልነገረንም፤ ክፍሉ ሁሉ ሰኞን እየጠበቀ ነው።